የወንድሜ አንጀትና ቀያዮቹ ክቦች

በእኛ አገር ሰው ከኋላው ደም ካየ የበሽታው ስም አንድ ነው፤ ኪንታሮት። ማን መረመረው፣ ማን አየው የሚል የለም። ኪንታሮት ነው ይባላል፣ የሚያውቅ ሰው ቅጠል ይቀጥፍለታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አባታችንም በኪንታሮት ሞተ ተባለ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ግን እጁና እግሩ እንደ ጭራሮ ከስቶ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ እንደነበር አልረሳውም። ኪንታሮት ሰውን እንደዚያ እንደማያደርግ የገባኝ ስንት ዘመን ቆይቶ፣ ተምሬ፣ ፍኖተ ሰላም ራጅ አንሺ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ሲገባኝ ምን ይጠቅማል? አፈር ከበላው ቆይቷል።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ለገበያ መጥቶ ቤቴ ቁጭ እንዳለ «ሰሞኑን ትንሽ ደም አያለሁ» ሲለኝ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ። ኪንታሮት ነዋ!»

አያ ነው የምለው። አገሬው አንቱ ይለዋል፤ እኔ ግን አባታችን ከሞተ በኋላ አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ። ከማንኩሳ ገባ ብሎ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። ሰውነቱ ድሮም ወፍራም አይደለም፤ ያን ቀን ግን ጋቢውን ሲያወልቅ የአንገቱ አጥንት ወጥቶ አየሁት። አባቴን ያየሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ውሃ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ድካም ምን ብዬ ልንገራችሁ። ምርመራው ባሕር ዳር ነበረ፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በመቀመጫ በኩል ገብቶ አንጀትን የሚያይ። ይህን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ተቆጣ።

«እኔን? ሽበት አውጥቼ? ሂጂ ያንን ለበግ አድርጉት!»

«አያ፣ አባባ እኮ...»

«አባባ ወንድ ሆኖ ሞተ። እኔም እንደዚያው።»

ከዚያ ወዲያ ሰበብ በሰበብ ሆነ። የተፋሰስ ሥራ ተጀምሯል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል። አንድ ለአምስት ስብሰባ አለ። ማዳበሪያ ሊመጣ ነው፣ ወረፋ ላይ ካልተገኘሁ ለሌላ ይሰጣል። በርበሬው ሊደርስ ነው። ጾም ነው። ጾሙ ሲያልቅ ደግሞ ሠርግ ነው። ስልክ ስደውል ኔትወርክ የሚይዘው ዳገት ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ነፋሱን ሰበብ አድርጎ «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ይልና ይዘጋል። እኔም ቀን ከሌት የሰው እግርና ጎድን ሳነሳ ውዬ፣ ማታ ግምገማ ተቀምጬ፣ ቤት ገብቼ ለአንድ እልኸኛ ገበሬ ስደውል ዓመት አለፈ። አንዳንዴ «በቃ የራሱ ጉዳይ!» እላለሁ። ጠዋት ስነሳ እንደገና እደውላለሁ።

መውጫ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የራጅ ሐኪም በግል ምርመራ ቤት ሲሠራ አገኘሁ። ሲቲ ስካን አላቸው። ማሽኑ ሆድን ከውጭ ሆኖ እንደ ዳቦ በስስ በስሱ ቆራርጦ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ አንጀቱን ውስጥ ለውስጥ እንደሚሄዱበት ዋሻ አድርጎ ያሳያል። ይህን አውቃለሁ፤ አዲስ የሆነብኝ ሌላው ነው። ሐኪሙ ይዞት የመጣው ፕሮግራም ፎቶውን ራሱ ይፈትሽና የአንጀቱ ግድግዳ ላይ እብጠት የመሰለው ነገር ሁሉ ላይ ቀይ ክብ ያደርግበታል። ሐኪሙ ክቦቹን አንድ በአንድ እያየ «ይሄ እብጠት ነው፣ ይሄ አይደለም» ብሎ ይፈርዳል። እብጠቱ ቀድሞ ከተገኘ ካንሰር ሳይሆን ይቆረጣል። የእኔ ማሽን የተሰበረ እጅ በትክክል ካሳየኝ አመስግኜው የምገባ ሰው ነኝና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ፎቶ ነው» አልኩት አያን። «ትተኛለህ፣ ያነሱሃል፣ ትነሳለህ።»

«ቱቦ የለም?»

«አለ። ግን አጭርና ቀጭን ነው፤ ካሜራም የለው፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚያስገባው። አንጀትህ ካልተነፋ አይታይም።»

ብዙ አሰበ። መጨረሻ ላይ «ንፋስ ብቻ ከሆነ ምን ይደረግ። ግን ይህ ወሬ ማንኩሳ ከተሰማ አንቺና እኔ ዘመድ አይደለንም» አለኝ። በዚህ ተስማማን።

ባሕር ዳር ያረፍነው አክስታችን ቤት ነው። የእናታችን ታላቅ ናቸው፤ ከተማ ከገቡ ቆይተዋል፣ ግን ቤታቸው ገብተህ ስትቀመጥ አገር ቤት ያለህ ይመስልሃል። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ዱቄት ነው፤ በጆግ ሙሉ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ አንጀትን ጠርጎ ያወጣል። ፎቶው እስኪነሳ ከውሃና ከሻይ በቀር ምንም አይቀመስም። ለአያ ነገርኩት። ለአክስቴም «እቴቴ፣ አደራ፣ ምንም እንዳያበሉት» ብዬ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ኮሶ ስንት ጊዜ አጠጥቻለሁ፤ እኔን ነው የምታስተምሪኝ?» አሉኝ።

መድኃኒቱን በሚጠጣበት ቀን ምርመራ ቤቱ መብራት ሄዶ የሁሉም ቀጠሮ ተዘበራረቀ። ወረፋችን እንዳያልፈን ሄጄ እዚያው ስጠብቅ ዋልኩ። ወንበሩ ብረት ነው፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ተረኛዋ «ትንሽ ጠብቂ» ትልና ትጠፋለች። ሲመሻሽ የነገው ተራ ተረጋግጦልኝ ስመለስ አያ ጋደም ብሏል። ሽንት ቤት ሲመላለስ የዋለ ሰው ነው፤ ተዳክሞ አገኘዋለሁ ስል ፊቱ ወዝ አለው። እግዜር ይመስገን፣ አልከበደውም ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ፎቶውን ተነሳ። ሐኪሙ «አባቴ፣ በጀርባዎ ይተኙ፤ አሁን ደግሞ በሆድዎ ይገልበጡ» እያለ በሁለቱም በኩል አነሳው። ሲገለበጥ አንጀት ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ቦታውን ይለቃል፤ እብጠት ግን ከግድግዳው የበቀለ ስለሆነ የትም አይሄድም። መለያው ይህ ነው። አያ ለብሶ ወጥቶ እኔ አጠገብ ቆመ። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን አስጀመረው።

መጀመሪያ አንድ ቀይ ክብ መጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ዝም ብሎ ይፈላ ጀመር። ዋሻው በሙሉ ክብ በክብ ሆነ። ሐኪሙ በሆዱ የተነሳውን ፎቶ ሲከፍት አብዛኞቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አያ ቀስ ብሎ «ይሄ ሁሉ?» አለ።

ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አደረገ። «አባቴ፣ ትናንት ምን በልተዋል?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጾም አላፈርስም እኔ። መድኃኒቱን ጠጣሁ፣ ማርከሻውን ጠጣሁ፣ ተኛሁ።»

ማርከሻ! እኔ የገጠር ልጅ፣ እንዴት እንዳላሰብኩት እንጃ። ኮሶ የጠጣ ሰው ኮሶው ከሻረለት በኋላ ማርከሻ ሳይቀምስ አያድርም፤ አንጀቱ ባዶውን ካደረ ይጎዳል ይባላል። ሆዱን አስጠርጎ ያለ ማርከሻ እንግዳ የሚያስተኛ ቤት ስሙ ይጠፋል። አክስቴ ደጋግ ናቸው። ተልባ በጥብጠው፣ ያውም ሳያጠልሉ፣ በላዩ የገብስ ቅንጬ ጨምረው «እንካ የኔ ልጅ፣ አንጀትህን ያለስልሰው» ብለው ሰጡት። ተልባ ደግሞ ይለጠፋል። አያ ቢገለበጥ ቢገላበጥ ከግድግዳው አይላቀቅም። ኮምፒዩተሩ የተልባ ጉብታና እብጠት በምን ይለይ? ሁሉንም ከበበው።

«አብዛኛው ይሄው ይመስለኛል» አለ ሐኪሙ። «ግን ከመሐል እውነተኛው አለ ወይስ የለም፣ ልነግራችሁ አልችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶ ሆነው ይምጡ።»

ቤት ገብቼ አክስቴ ላይ ጮህኩ። «ምንም እንዳያበሉት አላልኩም?»

«ማርከሻ ምግብ ነው እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። «የመድኃኒቱ መደምደሚያ ነው እንጂ።» ደከመኝ። ቁጭ አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አያ ከዳንግላ ጀምሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኮሶበር አልፈን ቡሬ ልንገባ ስንል ዘወር ሳይል «የታችኛውን ማሳ ለመጨረሻው ልጄ ብዬዋለሁ። አንቺ ምስክር ነሽ» አለኝ።

«ምን ሆነሃል አያ! ተልባ ነው ተባለ እኮ!»

ፈገግ ብሎ አየኝ። እንደ ሕፃን ነው ያየኝ። «አንቺ ልጅ፣ መርዶውን በተልባ አትሸፍኚብኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው በሽታው አይነገርም። ሐኪም ለዘመድ ሹክ ይላል፣ ዘመድ ለበሽተኛው «ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው» ይለዋል፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ይዋሻል። ለአባታችንም እስከ መጨረሻው «ይሻልሃል» ስንለው ነበር፤ ይህን ያደራጀው ራሱ አያ ነበር። እና አሁን እውነቱን ስነግረው ያው የታወቀው ውሸት መሰለው። ማልኩለት፤ «ለታመመ ሰው በሐሰት መማል ያጸድቃል እንጂ ያስኮንናል እንዴ?» አለኝ። ሐኪሙን በስልክ አገናኘሁት፤ «ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው» ብሎ መለሰልኝ። ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ወሩም አለፈ። አያ እርሻውን ለልጆቹ ለቆ ግድግዳ ፊት ለፊት ተኝቶ መዋል ጀመረ፣ የነፍስ አባቱን አስጠራ። የማይበላ ሰው ይከሳል፤ ሲከሳ ደግሞ «አያችሁ?» ይላል። ሚስቱ ስልክ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ አለቅሳለሁ። እውነቱን ይዤ የሚያምነኝ አጣሁ። ከሁሉ የባሰው፣ ከእነዚያ ክቦች መሐል አንዱ እውነተኛ ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።

መጨረሻ ላይ ለአክስቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ተልባዬን ነው በሽታ ያለው?» አሉ።

«አዎ እቴቴ።»

«የኔን ተልባ? አበጥሬ፣ ለቅሜ፣ ቆልቼ የወቀጥኩትን?»

በማግስቱ መጡ። በዚያ እድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ማንኩሳ ወርደው የቀረውን በበቅሎ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ደርሼ ነበር። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ አያ አልጋ አጠገብ ቆመው መጮህ ጀመሩ።

«አንተ! ስንቱን ሰው አብልቼ አጠጥቼ አንድ ቀን ስሜ በክፉ ያልተነሳ ሴት፣ የሰጠሁህን ማርከሻ ካንሰር ነው ብለህ አገር ሙሉ ጠርተህ ታስለቅሳለህ? በእኔ ተልባ ላይ ተዝካር ልታወጣ ነው? እናትህ ብትኖር ይህን ትሰማ ነበር?»

«እቴቴ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! ተነስ!»

አያ አክስቴን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ሊያጽናኑት የመጡ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው በለሰለሰ ድምፅ ሲያናግሩት ነው የከረሙት። የእሳቸው ግን ቁጣ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ የተሰደበ ሰው ቁጣ ነው። ሰው ሊያጽናና ብሎ እንዲህ አይናደድም። አያ ተነስቶ ተቀመጠ።

«እውነት ተልባ ነው?» አለ።

«ታዲያ ምን ልሆን መሰለህ የመጣሁ!»

ሚስቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እኔ ያዝኳት። ገና ምኑ ተይዞ።

ባሕር ዳር ተመልሰን በሁለተኛው ጊዜ አክስቴ ጆጉን ራሳቸው ይዘው ሲያጠጡት ዋሉ፤ ከመሸ በኋላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አጠገቡ ተቀመጡ። ሰው ባዶ ሆድ ማስተኛት እንዴት እንዳሳመማቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ ፎቶው ተነስቶ ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። አያ አሁንም አጠገቤ ነው። ክቦቹ መጡ፤ ጥቂት ናቸው። ሐኪሙ አንዱን ነካ፣ በሆዱ የተነሳውን አየ፤ «ይሄ ተንቀሳቅሷል።» ሌላውን፤ «ይሄ የአንጀቱ እጥፋት ነው።» ሌላውን፤ «ይሄም ሄዷል።» አያ ነፍስ ዘራ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» አለና ሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቅ ስንት ወር ናፍቄው ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ አንዱ ክብ ላይ ቆመ። በጀርባ አየው። በሆድ አየው። አጎላው። እንደገና በጀርባ አየው። ያቺ ግድግዳው ላይ እንዳለች ናት፤ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። የመጀመሪያውን ፎቶ አውጥቶ ተመለከተ፤ ያኔም ከተልባው መሐል እዚያው ነበረች፣ ያኔም ኮምፒዩተሩ ከቧታል። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ሊናገር ጀመረ።

«በአማርኛ ይንገሩን» አልኩት። «እሱ ይስማ።»

ነገረው። እብጠት ናት፤ ምናልባት ገና ወደ ካንሰር አልከፋችም ይሆናል፤ ግን ካልወጣች ትከፋለች። የምትወጣው በዚያ በካሜራው ቱቦ ነው፤ ሌላ መንገድ ሆድ መቅደድ ነው።

አያ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብሎ ጣቱን ክቧ ላይ አደረገ። «አባባን የበላችው ይቺ ናት?»

«ሳትሆን አትቀርም» አልኩት።

«ይቺ? ይቺን የምታክል?» ማልቀስ ጀመረ። «ያን የሚያክል ሰው? ሁለት በሬ አቁሞ የሚያርሰውን ሰው?» እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ በቀብሩም ቀን አላለቀሰም ነበር። ስንት ዓመት የቆየ ለቅሶ እዚያ ኮምፒዩተሩ ፊት ወጣለት። ሲጨርስ አፍንጫውን በጋቢው ጠረገና «በሉ፣ ቱቧችሁ የታለች» አለ።

ወጣች። አልከፋችም ነበር። የምርመራ ውጤቱን ወረቀት አንብቤ ስነግረው ሰማይ ሰማዩን አየ፣ እኔ ግን እዚያው መንገድ ላይ የሰው ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ።

በወጣንበት ቀን ሐኪሙ ሊሰናበተን ሲል ወደ እኔ ዞሮ «አባትሽ፣ ወንድምሽ። ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል። አንቺስ መቼ ነው የምትመረመሪው?» አለኝ። በቅርቡ አልኩት። አያም ሰማ።

በቅርቡ የሚባለው ቀን ግን አይመጣም። ፈቃዴ አልቋል። ባልደረባዬ ወሊድ ላይ ናት። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሠሪ ይመጣል። ልጄ ፈተና አለባት። አያ ሲደውል «በሚመጣው ወር» እለዋለሁ፤ በሚመጣው ወር ደግሞ ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ እዘጋለሁ። እኔ ምንም አይሰማኝም፣ ደም አላየሁም፣ ደክሞኛል፤ የሌላውን ሆድ ሳስመረምር ደክሞኛል።

የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። በዚያ ወቅት በእኛ አገር ሰው ከማሳው አይነቃነቅም፤ አንድ ቀን ዝናብ ከመጣበት የዓመት ልፋቱ ይበሰብሳል። አንድ ማለዳ ተረኛ ሆኜ በር ስከፍት በሽተኞች ከተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ አያ ተቀምጧል። ጣቶቹ በበርበሬ ቀልተዋል።

«ምነው አያ? ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ልወስድሽ ነው የመጣሁ።»

«ዛሬ? በሽተኛ ሞልቶብኛል እኮ። በርበሬህስ?»

«ይበስብስ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞረው ያዩናል። እኔ አፈርኩና በሹክሹክታ ሂድ፣ እመጣለሁ፣ እምልልሃለሁ አልኩት። እሱ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«አባባ ሲሞት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን ይመስል እንደነበር አንቺ አላየሽም፤ ልጅ ነሽ ብዬ በር ዘግቼ ነው ያጠብኩት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺን ደግሞ አጥቡልኝ ብዬ ሴቶች ልጥራ?»

ለራጅ ጨረር መከላከያ የለበስኩት የእርሳስ ሽርጥ ያን ቀን የከበደኝን ያህል ከብዶኝ አያውቅም።

«አያ፣ ፈርቼ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ነይ፣ መኪናው ሳይሞላ።»